በራስ መተማመን እስኪመጣ አትጠብቁ፦ ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚገነባ

"በራስ መተማመኔ ሲጨምር አመለክታለሁ።" "ትንሽ ደፋር ብሆን ኖሮ እናገር ነበር።" "እኔ እንደዚህ ዓይነት ሰው ስላልሆንኩ ይቅርብኝ።" ከእነዚህ አንዱን ብሎ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሦስቱም አባባሎች ውስጥ አንድ እምነት ተደብቋል። መጀመሪያ ስሜቱ ይመጣል፣ ሥራው ከዚያ ይከተላል የሚል። ነገሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው በተቃራኒው ነው። ሥራው ይቀድማል፤ መተማመኑ ዘግየት ብሎ ከኋላ ይመጣል።

ይህ መመሪያ በዚህ ቅደም ተከተል የተሠራ ነው። የሚያስፈልጋችሁ ወረቀት፣ እስክሪብቶና አንድ የምትፈሩት ነገር ነው። የምትፈሩት ነገር እንደማታጡ እርግጠኛ ነኝ። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችን በፊት፦ ስለ ምንድነው የምናወራው?

አልበርት ባንዱራ ካናዳ ተወልዶ አሜሪካ ውስጥ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር የኖረ የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር። በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ቀላል የሚመስል ሐሳብ አቀረበ። ሰው አንድን ነገር መሞከር አለመሞከሩን፣ ሲከብደውም መግፋት አለመግፋቱን በአብዛኛው የሚወስነው "ይህን ነገር እችለዋለሁ" የሚለው እምነቱ ነው አለ። ልብ በሉ፣ "ይህን ነገር" ነው። "እኔ ጎበዝ ነኝ" አይደለም።

ስለዚህ "በራሱ የሚተማመን ሰው" የሚባለው በጅምላ ብዙም አያስኬድም። ቀዶ ጥገና ሲሠራ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሐኪም ማይክ ሲሰጡት ላብ ሊያሰምጠው ይችላል። ሺህ ሰው ፊት የምትዘፍን ልጅ የደመወዝ ጭማሪ ለመጠየቅ ሳምንት ሙሉ ልትቁለጨለጭ ትችላለች። እናንተም ብትሆኑ የምትተማመኑበት ነገር ሞልቷል፤ ስለለመዳችሁት ብቻ አትቆጥሩትም።

ከዚህ መለየት ያለበት ሌላ ነገር አለ። ለራሳችን የምንሰጠው ዋጋ። ሞሪስ ሮዘንበርግ በ1965 እሱን ለመለካት 10 ዓረፍተ ነገሮች ያሉት መጠይቅ አዘጋጅቶ ነበር፤ ዛሬም ድረስ ይሠራበታል። መጠይቁ የሚጠይቀው ምን ምን መሥራት እንደምትችሉ አይደለም፤ ራሳችሁን እንደ ሰው እንዴት እንደምታዩት ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ ነው ጣጣ የሚመጣው። ቃለ መጠይቅ ላይ ያልተሳካለት ሰው "ለዚህኛው በደንብ አልተዘጋጀሁም" በማለት ፈንታ "እኔ የማልረባ ነኝ" ይላል። የመጀመሪያው ላይ መሥራት ይቻላል። ሁለተኛው ላይ ከማልቀስ በቀር ምን ይሠራል?

ከመንገድ የሚነሡ እምነቶች

እርምጃዎቹን ከመጀመራችን በፊት ጥቂት ነገሮችን እናንሣ። ካልተነሡ መሰናክል ይሆናሉ።

አንደኛው፣ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው በራሱ ይተማመናል የሚለው ነው። ይተማመን ይሆናል፤ ላይተማመንም ይችላል። ጉራ ብዙ ጊዜ የሚነዛው አለመተማመኑ እንዳይታወቅ ነው። በ1999 ዴቪድ ደኒንግና ጀስቲን ክሩገር የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን በሰዋስው፣ በሎጂክና ቀልድን በመመዘን ችሎታ ፈተኗቸው። ከዚያም "ከሌላው ጋር ስትነጻጸሩ የት ናችሁ?" ብለው ጠየቁ። ውጤታቸው ከሁሉ ዝቅ ያለው፣ መቶ ሰው ቢደረደር በአማካይ ከታች 12ኛው አካባቢ የሚቆሙት፣ ራሳቸውን 62ኛው አካባቢ አስቀመጡ። ይህን ጥናት ሰው "ደደብ ከምሁር ይበልጥ እርግጠኛ ነው" ብሎ ሲጠቅሰው እሰማለሁ። እንደዚያ አይልም። ጥሩ የሠሩት ከደካሞቹ ከፍ አድርገው ነው ራሳቸውን የገመቱት፤ ግን ከሚገባቸው ዝቅ አድርገው። የቁጥሩ ትርጉም ላይ የስታቲስቲክስ ሰዎች አሁንም ይከራከራሉ። ለእኛ የሚበቃን ይህ ነው፤ የስሜታችሁ ጥንካሬ የችሎታችሁ ማስረጃ አይሆንም። ወደ ላይም ወደ ታችም።

ሁለተኛው፣ ቆፍጠን ብሎ ከቆሙ ሆርሞን ይለወጣል የሚለው ነው። በ2010 በ42 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ሰውነትን ዘርግቶ ለደቂቃ ሁለት ደቂቃ መቆየት ሆርሞንን ይለውጣል፣ ደፋርም ያደርጋል ብሎ ነበር። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። በ2015 ሌሎች ተመራማሪዎች 200 ሰዎች ይዘው ሲደግሙት የሆርሞን ለውጡን አላገኙትም። በ2016 ደግሞ ከመጀመሪያው ጥናት አዘጋጆች አንዷ የሆነችው ዳና ካርኒ ውጤቱ እውነት ነው ብዬ አላምንም ብላ በግልጽ ጻፈች። እኔ ይህን እንደ ትልቅ ነገር ነው የማየው። በራስ መተማመን ላይ የተሠራ ዝነኛ ጥናትን ራሷ ስትተወው። ቀጥ ብሎ መቆሙን አትተዉት፤ ወገብ አይጎዳም። ተአምር ብቻ አትጠብቁበት።

ሦስተኛው መስታወት ፊት ቆሞ "እኔ ድንቅ ነኝ፣ ሁሉም ይወደኛል" ማለት ነው። በ2009 ካናዳ ውስጥ ጆአን ዉድና ባልደረቦቿ ይህን ፈተሹት። ቀድሞውኑ ለራሳቸው ጥሩ ግምት ያላቸው ሰዎች ትንሽ ደስ አላቸው። ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ግን ባሰባቸው። ምክንያቱ የሚገርም አይደለም። "ተወዳጅ ነኝ" ስትሉ ውስጣችሁ ወዲያው "እስቲ ማስረጃ?" ይላል። ማስረጃ ከሌለ ክርክሩን ትሸነፋላችሁ። መድኃኒቱ በጣም የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች ነው የጎዳው።

አራተኛው፣ ለራስ የሚሰጥ ግምት ሲበዛ ሁልጊዜ ጥሩ ነው የሚለው። የካሊፎርኒያ ግዛት በ1986 የሕዝቡን ለራስ የሚሰጥ ግምት ከፍ የሚያደርግ ግብረ ኃይል እስከ ማቋቋም ደርሶ ነበር። ግምቱ ከፍ ካለ የትምህርትም የወንጀልም ችግር ይቀንሳል በሚል ተስፋ። በ2003 ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ የተጠራቀመውን ጥናት ሁሉ ሲገመግሙ፣ ለራስ ከፍ ያለ ግምት መስጠት ከደስታ ጋር እንደሚሄድ አገኙ። ጥሩ ውጤት ያመጣል የሚለው ግን አልተደገፈም። ይልቅ ጥሩ ውጤት ነው ግምቱን ከፍ የሚያደርገው የሚመስለው።

"ደፋር ሰው አይፈራም" የሚለውን ደግሞ እርምጃዎቹ ውስጥ እናገኘዋለን። አሁን ወደ ሥራ።

እርምጃ 1፦ ነገሩን በስሙ ጥሩት

"በራስ መተማመን የለኝም" ብላችሁ ወረቀቱ ላይ ከጻፋችሁ ሰርዙት። ማንም እዚህ ላይ ሊሠራ አይችልም። የት ቦታ፣ ከማን ጋር፣ ምን ስታደርጉ ነው የሚጠፋው?

አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ አስቡ። ቁጥሩን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። የሰኞው ስብሰባ ላይ ግን አለቃዋ ዞር ብሎ "አንቺስ ምን ትያለሽ?" ሲላት አፏ ይያዛል። "እ... ምንም የለኝም" ትላለች። ከስብሰባው ስትወጣ ማለት የነበረባት ሁሉ ደረጃው ላይ ትዝ ይላታል። የእሷ ዓረፍተ ነገር "በራሴ አልተማመንም" አይደለም። "የሰኞ ስብሰባ ላይ አለቃዬ ባለበት ሐሳቤን መናገር አልችልም" ነው። ይህ ልክ ያለው ችግር ነው።

እንዲህ ከጻፋችሁ በኋላ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ለዩ። ይህን ክፍል አትሩጡበት፤ ብዙ ሰው ሥራው የሚበላሽበት እዚህ ነው።

አንዱ፣ ችሎታው ራሱ ሊጎድል ይችላል። ኮምፒውተር ላይ የማታውቁትን ፕሮግራም ለሰው ለማሳየት ብትፈሩ ፍርሃታችሁ ትክክል ነው። ያኔ የሚያስፈልገው ትምህርትና ልምምድ እንጂ ድፍረት አይደለም። ሳያውቁ ድፍረት መጨመር ለሌላው ሰው አደጋ ነው።

ሁለተኛው፣ ችሎታው እያለ ፍርሃቱ ሊይዛችሁ ይችላል። የሒሳብ ሠራተኛዋ እዚህ ናት። መለያው ቀላል ነው። ለአንድ የቅርብ ሰው፣ ወይም ለብቻችሁ ስትሆኑ፣ ነገሩን አሳምራችሁ ትሠሩታላችሁ?

ሦስተኛው፣ ቦታው ራሱ ችግር ሊሆን ይችላል። ማንም ሐሳብ ባቀረበ ቁጥር የሚያሾፍ አለቃ ያለበት ክፍል ውስጥ ዝም ማለት የመተማመን ጉድለት አይደለም። ብልህነት ነው። ይህን በግልጽ የሚናገር ሰው ጥቂት ነው። ሰው የሚሸማቀቅበትን ቦታ ትተን የተሸማቀቀውን ሰው "በራስህ ተማመን" ብለን ስንመክር እንውላለን። መለያው ይኸውላችሁ፦ እዚያ ክፍል ውስጥ ሌሎቹም ዝም ካሉ፣ እናንተም ሌላ ቦታ እንደ ልባችሁ የምትናገሩ ከሆነ፣ ጣታችሁን ወደ ራሳችሁ አትቀስሩ።

የቀሩት እርምጃዎች በዋናነት ለሁለተኛው ናቸው።

እርምጃ 2፦ መሰላሉን ሥሩ

ባንዱራ ይህን እምነት ለመለካት ሰዎችን ከ0 እስከ 100 ቁጥር እንዲሰጡ ያደርግ ነበር። 0 ማለት ጨርሶ አልችልም፣ 100 ማለት ያለ ጥርጥር እችላለሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። የምትፈሩትን ነገር ከቀላሉ እስከ ከባዱ በአምስት ወይም በስድስት ከፋፍሉት፤ አጠገቡ ቁጥር ጻፉ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ወረቀት እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ከስብሰባው በፊት ሐሳቧን ለአለቃዋ በጽሑፍ መላክ፦ 95
ስብሰባው ላይ አንድ ጥያቄ መጠየቅ፦ 70
የራሷን ሥራ በሁለት ደቂቃ ማቅረብ፦ 55
አንድን ሐሳብ "በዚህ አልስማማም" ብሎ ምክንያቱን መናገር፦ 30
ስብሰባውን መምራት፦ 10

መጀመሪያ የምትይዙት 70 አካባቢ ያለውን ነው። ይህ ቁጥር የእኔ ምርጫ ነው እንጂ የሕግ ቁጥር አይደለም። 95 የሆነውን ብትሠሩት ምንም አዲስ ነገር አይነግራችሁም። 10 ያለውን በጀብደኝነት ብትጀምሩትና ብትወድቁ ደግሞ ለዓመት የሚበቃ ምክንያት ታገኛላችሁ። "ከፍርሃትህ ጋር በአንዴ ተጋፈጥ" የሚሉ አነቃቂ ንግግሮችን የማልወዳቸው ለዚህ ነው። የተሳካላቸውን ብቻ ነው መድረክ ላይ የምናየው።

ባንዱራና ባልደረቦቹ እባብ በጣም የሚፈሩ ሰዎችን ሲረዱ ያደረጉት ይህንኑ ነበር። እባብ ስለሚፈሩ ሜዳ ሽርሽር መውጣት የተዉ ሰዎች ነበሩባቸው። ማንም "ጀግና ነህ" አላላቸውም። ረዳቱ መጀመሪያ እባቡን ራሱ ይዞ ያሳያቸዋል። ቀጥሎ በጓንት እንዲነኩት፣ ከዚያ ያለ ጓንት፣ በመጨረሻም ለብቻቸው እንዲይዙት ያደርጋል። በገዛ እጃቸው ደረጃ በደረጃ የሠሩት፣ ሌላ ሰው ሲሠራ ቁጭ ብለው ካዩት ይልቅ እምነታቸው በጣም ጨመረ። ከባንዱራ አራት የመተማመን ምንጮች መካከል ዋነኛው ይኸው ነው፦ ራስ ሠርቶ ማየት። ሌሎቹ ሦስቱ፣ ማለትም የሚመስሉንን ሰዎች ማየት፣ የሰው ማበረታቻና የሰውነታችን ሁኔታ፣ ይረዳሉ። ግን ረዳቶች ናቸው።

እርምጃ 3፦ ከመሥራታችሁ በፊት ትንበያ ጻፉ

ይህ ከሁሉም እርምጃ የምወደው ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ነገሩን ከመሥራታችሁ በፊት "ምን ይፈጠራል ብዬ እፈራለሁ?" የሚለውን ቁርጥራጭ ወረቀት ላይ ጻፉ። ስትጨርሱ ደግሞ ከሥሩ የሆነውን ጻፉ። ለምሳሌ፦

"የምፈራው፦ ድምፄ ይንቀጠቀጣል። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። አለቃዬ የሞኝ ጥያቄ ነው ይላል። እርግጠኝነቴ 80።"

"የሆነው፦ ድምፄ መጀመሪያ ላይ ተንቀጠቀጠ። አለቃዬ ወረቀቱን አይቶ መለሰልኝ። ከፊቴ ያለው ሰውዬ ስልኩን ሲነካካ ነበር። ሌላዋ ደግሞ ከጥያቄዬ ተነሥታ ሌላ ጥያቄ አስከተለች።"

ከሦስቱ ፍርሃቶች አንዱ ደርሷል። ድምፁ ተንቀጥቅጧል። ግን ምንም አልመጣም።

ሁለተኛውን ክፍል ስትጽፉ አንድ ነገር ጠብቁ። ካሜራ ቢኖር የሚቀርጸውን ብቻ ጻፉ። "ሁሉም ናቁኝ" ካሜራ ላይ አይታይም። "ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ተያይተው ፈገግ አሉ" ይታያል። በእኔ ይሁን በሌላ ነገር ግን አይታወቅም። ያልታወቀውን "አይታወቅም" ብላችሁ ጻፉት።

ለምን መጻፍ ያስፈልጋል? ትዝታ ያዳላል። በሦስተኛው ቀን ጭንቅላታችሁ ውስጥ የሚቀረው የድምፁ መንቀጥቀጥ ብቻ ነው።

ሰው የሚያየን እኛ የምናስበውን ያህል አለመሆኑንም ወረቀቱ ቀስ እያለ ያስተምራል። ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ በ2000 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን የአንድ ዘፋኝ ምስል ያለበትን፣ የሚያሳፍር የመሰላቸውን ቲሸርት አልብሰው ሌሎች ተማሪዎች ወዳሉበት ክፍል አስገቧቸው። የለበሱት፣ ክፍል ውስጥ ካሉት ግማሽ የሚጠጉት ቲሸርቱ ላይ ማን እንዳለ ያውቃሉ ብለው ገመቱ። ያወቁት ሩብ ያህሉ ነበሩ። ሌላው ሰው ስለ ራሱ ቲሸርት እያሰበ ነው።

እርምጃ 4፦ ምርኩዞቹን አንድ በአንድ ጣሉ

ስንፈራ ሳናውቀው ራሳችንን የምንከላከልባቸው ትንንሽ ዘዴዎች አሉ። ከወረቀት ላይ ዓይን ሳይነቅሉ ማንበብ። ቶሎ ለመጨረስ መፍጠን። "ይቅርታ፣ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፣ እናንተ የተሻለ ታውቃላችሁ ግን..." ብሎ መጀመር። በር አጠገብ መቀመጥ። ማታ ሙሉ እያንዳንዱን ቃል በቃል መሸምደድ።

ችግራቸው ድሉን መስረቃቸው ነው። ጥያቄውን ጠይቃችሁ በሰላም ብትቀመጡም ጭንቅላታችሁ "በወረቀቱ ነው የተረፍኩት" ይላል። "እችላለሁ" አይልም።

ሁሉንም በአንድ ቀን አትጣሉ። በአንድ ሙከራ አንድ ብቻ። እኔ ብሆን ከይቅርታው እጀምራለሁ። ቀላል ነው፣ ለውጡም ወዲያው ይሰማል። ሐሳባችሁን ስትጀምሩ የመጀመሪያው ቃል ራሱ ሐሳቡ ይሁን። "የሦስተኛው ወር ቁጥር አልገባኝም" በቃ። ያለ መግቢያ። ስትናገሩት የተሳደባችሁ ይመስላችኋል፤ ለሚሰማው ሰው ግን ተራ ጥያቄ ነው። ትሕትናን ተዉ ማለቴ አይደለም። ትሑት ሰው ሐሳቡን ተናግሮ እርማት ሲመጣ ይቀበላል። ሳይናገር ራሱን አስቀድሞ የሚሰርዘው የፈራ ሰው ነው።

እርምጃ 5፦ ልብ ሲመታ

ልብ ይመታል። እጅ ይቀዘቅዛል። ሆድ ይላወሳል። ይህ "አልተዘጋጀሁም" ማለት አይደለም፤ ለዓመታት መድረክ ላይ የቆዩ ሰዎችም ከመጋረጃው ጀርባ እንዲህ ይሆናሉ። ልምድ ያለው ሰው ልዩነቱ ፍርሃቱን አይቶ አለመደንገጡ ነው።

"ተረጋጋ" ብሎ ራስን ማዘዝ እምብዛም አይሠራም። ሰውነት በሙሉ ኃይሉ እየተነሣ ተኛ እንደማለት ነው። አሊሰን ዉድ ብሩክስ በ2014 ባሳተመችው ጥናት ሰዎች ንግግር ከማድረጋቸው፣ ሒሳብ ከመፈተናቸው ወይም ከመዝፈናቸው በፊት "ጓጉቻለሁ" እንዲሉ አደረገች። እንዲረጋጉ ከተነገራቸው የተሻለ ሠሩ። ከመስታወቱ ጩኸት በምን ይለያል? "ጓጉቻለሁ" ከሚመታው ልብ ጋር አይጣላም። ጉጉትም ፍርሃትም ልብ ያስመታሉ።

ሌላው ተራ ነገር ነው። እንቅልፍ ባጣችሁበት ቀን ቁጥራችሁ በ20 ይወርድ ይሆናል። ያን ቀን ስለ ራሳችሁ ትልቅ ውሳኔ አትወስኑ።

እርምጃ 6፦ ማንን እንደምታዩና ማንን እንደምትሰሙ ምረጡ

የምታዩት ሰው ከእናንተ ትንሽ ብቻ የቀደመ ይሁን። የዓለም ምርጥ ተናጋሪን ቪዲዮ አሥር ጊዜ ብታዩ ደስ ይላችኋል፤ "እኔማ እንዲህ አልሆንም" ብላችሁም ስልኩን ትዘጉታላችሁ። ከዓመት በፊት እንደ እናንተ አፏ ይያዝ የነበረች ባልደረባ ግን ብዙ ታስተምራለች። ስትሳሳት እዩ። ከተሳሳተች በኋላ ምን እንዳደረገች እዩ። ቢቻል ጠይቋት።

አስተያየት ስትጠይቁ ደግሞ "እንዴት ነበርኩ?" አትበሉ። መልሱ "አሪፍ ነበርሽ" ነው፤ አይጠቅምም። "ሦስተኛው ነጥብ ገባችሁ ወይስ አደናገርኳችሁ?" በሉ። ለልጅ የምትናገሩም ከሆነ ይኸው ነው። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ በ1998 ባሳተሙት ጥናት "ብልህ ነህ" ተብለው የተመሰገኑ ልጆች ከባድ ጥያቄ ገጥሟቸው ሲሳሳቱ ተስፋ ወደ መቁረጥ ሄዱ። "ጥረህ ሠርተሃል" የተባሉት ገፉበት። የብልህነት ስም የሰጣችሁት ልጅ ስሙን ላለማጣት ከባዱን ይሸሻል።

እርምጃ 7፦ ሳይሳካ ሲቀር

አንዱ ሙከራ ይበላሻል። ጥያቄውን ስትጠይቁ ቃሉ ይጠፋችኋል፣ ወይም እውነትም አንድ ሰው ያሾፋል። ያን ቀን ማታ የሚመጣው "አላልኩሽም?" የሚል ድምፅ የታወቀ ነው።

ራስን መውቀስ ትጋት የሚጨምር ይመስለናል። ጁሊያና ብሬይንስና ሴሬና ቼን በ2012 ይህን ፈትሸው ነበር። ከባድ ፈተና ላይ ከወደቁ ተማሪዎች መካከል ለራሳቸው ርኅራኄ እንዲያሳዩ የተደረጉት ለሚቀጥለው ፈተና ረዘም ላለ ጊዜ አጠኑ። ምክንያቱን እንዲህ እረዳዋለሁ። ስህተቱን ማየት ነውር ካልሆነ ቀና ብሎ ማየት ይቻላል።

ስለዚህ ያን ማታ ሁለት መስመር ጻፉ። የመጀመሪያው፣ ይህ ነገር ለሌላ ወዳጃችሁ ቢደርስ የምትሉት ቃል። ሁለተኛው፣ በሚቀጥለው የምትቀይሩት አንድ ነገር። አንድ ብቻ። "ጥያቄውን አስቀድሜ በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፈዋለሁ" ዓይነት። ከዚያ ያንኑ ደረጃ ድገሙት። ካስፈለገ በሁለቱ መካከል አዲስ ደረጃ ጨምሩ። ወደ ታች ወርዶ መጀመር ሽንፈት የሚመስለው መሰላሉን የሠራው ሌላ ሰው ሲሆን ነው፤ ይህንን የሠራችሁት እናንተ ናችሁ።

እርምጃ 8፦ ቁጥሩን አስተካክሉ

በየተወሰነ ጊዜ ወረቀቶቹን ሰብስባችሁ ቁጥሮቹን እንደገና ስጡ። አሮጌውን ሳታዩ። ከዚያ አስተያዩ።

ወደ ላይ ብቻ እንዲሄድ አትጠብቁ። ስብሰባ ለመምራት 90 ሰጥታችሁ ሰዓቱ አልቆ አጀንዳው ግማሽ ከቀረ ቁጥሩ ይውረድ፤ የጎደለውን ተማሩ። ጥሩ መተማመን የሚባለው ከእውነቱ ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ነው። ከፍ ያለ ቁጥር የሚያምር ቢመስልም ሳትዘጋጁ ያስገባችኋል።

በተቃራኒው፣ ደጋግማችሁ አሳክታችሁም ቁጥሩ አልነቃነቅ የሚልበት ጊዜ አለ። ፖሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ በ1978 ስለዚህ ጽፈዋል። ትልቅ ደረጃ የደረሱ ሴቶች "ዕድሌ ነው፣ አንድ ቀን ይነቃብኛል" እያሉ ሲኖሩ አዩ። እንዲህ ከሆናችሁ የሥራ ሙከራ መጨመር ብዙም አይረዳችሁም። ወረቀቶቹ ላይ ከ"የሆነው" አጠገብ "ይህ እንዲሆን እኔ ያደረግሁት" የሚል ሌላ ዓምድ ጨምሩ። "ዕድል ነው" ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። እጃችሁ የሠራውን ጻፉ፦ "ሁለት ቀን ቁጥሩን አመሳከርኩ።"

መሰላሉን ስትጨርሱና ወደ አዲስ ሥራ ስትገቡ ቁጥሮቹ ድጋሚ ይወርዳሉ። አዲሱ ነገር ገና አልተሠራምና የሚጠበቅ ነው። አዲስ ወረቀት አውጡ። ሁለተኛው መሰላል ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ያጥራል፤ አሠራሩን ለምዳችሁታልና።

ይህ ሁሉ የማይበቃበት ሁኔታም አለ። ፍርሃቱ ለወራት ከሥራ፣ ከትምህርት ወይም ከሰው ካራቃችሁ፣ ስልክ ማንሣትና ሰው ፊት መቆም እስኪያቅታችሁ ከደረሰ፣ ወይም ተስፋ መቁረጡ እንቅልፍና ፍላጎት ከነሣችሁ ጉዳዩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ማኅበራዊ ጭንቀትም ድባቴም ሕክምና ያላቸው ነገሮች ናቸው። የሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ወረቀቶቹን ይዛችሁ ሂዱ። "የሚያስፈራኝ ይህ ነው፣ የሞከርኩት ይህ ነው፣ የሆነውም ይህ ነው" ብሎ መጀመር የመጀመሪያውን ቀጠሮ ግማሽ ሥራ ይጨርሳል።